በጎ ፈቃደኛው ሲመለስ ክፍሉ ውስጥ ምን ይቀራል?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይሰማና ዝቅ ይላል)



ዛሬ ለወላይታ መምህራን፣ ርዕሰ መምህራንና የወላጅ መምህራን ህብረት አባላት የምናነሣው ከባህር ማዶ መጥተው ችግረኛ ልጆችን በነፃ እንግሊዝኛ ስለሚያስተምሩ በጎ ፈቃደኞች ነው። ጉዳዩ ሲሰማ የእነሱ ብቻ ይመስላል፤ ቲኬት የሚቆርጡት እነሱ፣ አገራቸውን ለቀው የሚመጡት እነሱ። ነገር ግን እንግዳውን የሚቀበለው ርዕሰ መምህር የእኛ ነው። ክፍሉን የሚያጋራው መምህር የእኛ ነው። ዴስክ ላይ ተጨናንቆ የተቀመጠው ልጅም የእኛ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ከእኛ ወገን ሆነን እንጠይቅ፤ ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ሻንጣቸውን ይዘው ሲመለሱ ለልጁና ለመምህሩ ምን ይተርፋል?

በመጀመሪያ እንግሊዝኛ ለወላይታ ልጅ ለምን እንደሚያስፈልገው እንይ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲጀምሩ፣ እንግሊዝኛን ደግሞ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲማሩ ደነገገ። ወደ እንግሊዝኛ ማስተማሪያነት የሚሻገሩበት ክፍል ግን ከክልል ክልል ተለያየ። በኦሮሚያና በትግራይ ልጁ እስከ 8ኛ ክፍል በራሱ ቋንቋ ተምሮ በ9ኛ ይሻገራል። በአማራ ክልል ሒሳብና ሳይንስ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይሰጡ ነበር። ወላይታ በነበረበት በቀድሞው ደቡብ ክልል ግን ለረጅም ዓመታት መሻገሪያው 5ኛ ክፍል ነበር። የገበሬ ልጅ፣ ከትምህርት ቤት ውጭ አንድም እንግሊዝኛ ተናጋሪ የማያገኝ ልጅ፣ ገና በ11 ዓመቱ ክፍልፋይንም የአበባ ክፍሎችንም በእንግሊዝኛ እንዲረዳ ይጠበቅበት ነበር ማለት ነው። ቋንቋው ያልገባው ልጅ ሒሳቡም አልገባውም ይባላል፤ ሰነፍ የሚል ስም ይወጣለታል።

ከዚያ በፊት ደግሞ ማንበብ ራሱ አለ። በ2002 ዓ.ም. በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው በራሳቸው ቋንቋ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። በመንገዱ ጫፍ ላይ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና አለ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት በጥር 2015 ሲገለጽ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። የዚህ ሁሉ ምክንያት እንግሊዝኛ ብቻ ነው አንልም። ይሁንና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ፈተና ላይ የተቀመጠ፣ ጥያቄውን አንብቦ የማይረዳ ተማሪ መልሱን ቢያውቅ እንኳ አይጠቅመውም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ክፍል እንግባ። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ከባህር ማዶ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የማያውቀው፣ የወላይታ መምህር ግን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ነገር ነው።

ወላይትኛ ዛሬ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወላይትኛ ከመጀመሪያዎቹ አምስት የማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ግን ልጆች ፊደል የሚቆጥሩት በላቲን ሆነ። እንግሊዝኛም የሚጻፈው በላቲን ነው። እንግዳው መምህር ይህን አይቶ ደስ ይለዋል፤ «ልጆቹ ፊደሉን ያውቁታል፣ ግማሹ ሥራ አልቋል» ይላል።

ግማሹ ሥራ ገና እዚያ ላይ ይጀምራል። ፊደሉ አንድ ይሁን እንጂ ድምፁ ሌላ ነው። በእንግሊዝኛ «ሲ» የምንለው ፊደል በወላይትኛ ጽሑፍ «ጭ» ነው። «ኤክስ» የምንለው ደግሞ «ጥ» ነው። እንግዲህ ወላይትኛ ማንበብን በደንብ የተማረ፣ ጎበዝ የሆነ ልጅ በእንግሊዝኛ ድመት የሚለውን ቃል ሲያይ ምን ብሎ ያነባል? «ጫት» ብሎ ያነባል! ሳጥን የሚለውን ቃል ሲያይ ደግሞ «ቦጥ» ይላል። በወላይትኛ አናባቢ ሲደገም ድምፁ ይረዝማል፤ ስለዚህ መጽሐፍ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል፣ ሁለት «ኦ» አይቶ፣ «ቦ...ክ» ብሎ ጎትቶ ያነበዋል። ልጁ አልተሳሳተም። የተማረውን ሕግ በትክክል ሥራ ላይ አዋለው። የጎደለው «እዚህ ላይ ሕጉ ተለወጠ» ብሎ የሚነግረው ሰው ነው።

ይህን ሊነግረው የሚችለው ሁለቱንም ቋንቋዎች የሚያውቀው የአካባቢው መምህር ነው። እንግሊዝኛው እንዴት እንደሚደመጥ፣ ድምፁ ከየት እንደሚወጣ በሕያው አንደበት ማሰማት የሚችለው ደግሞ እንግዳው ነው። አንዱ ብቻውን ሲቆም ትምህርቱ ይጎድላል። የዛሬው ዝግጅታችን ሙሉ ሐሳብ ከዚህ ይነሣል፤ በጎ ፈቃደኛ የሚጠቅመው ከመምህሩ አጠገብ ሲቆም ነው፣ በመምህሩ ቦታ ሲቆም አይደለም።

(አጭር ሙዚቃ)

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። አገራችን በዚህ ረገድ ረጅም ልምድ አላት።

በ1955 ዓ.ም. መባቻ ከ270 በላይ ወጣት አሜሪካውያን አዲስ አበባ ገቡ። ፒስ ኮር፣ በአማርኛ የሰላም ጓድ የሚባለው ድርጅት ከተመሠረተ ገና አንድ ዓመት ተኩሉ ነበር። የኢትዮጵያውን ቡድን የመሩት ሐሪስ ዎፎርድ ሲሆኑ፣ በኋላ የፔንሲልቬኒያ ሴናተር ሆነዋል። ወጣቶቹ ከመምጣታቸው በፊት ዋሽንግተን በሚገኘው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ አማርኛና የአገሪቱን ታሪክ ተምረዋል። ከዚያም በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተበተኑ። የወላይታዋ ሶዶም መምህራኑ ከደረሱባቸው ከተሞች አንዷ ነበረች። ወሊሶ ላይ ያስተማረው ፖል ሶንጋስ ከዓመታት በኋላ የማሳቹሴትስ ሴናተር፣ በ1992 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ዕጩ ለመሆን የተወዳደረ ሰው ሆነ። በጎ ፈቃደኝነት ለሰጪውም እንደሚከፍል ከዚህ እናያለን።

የዚያ ዘመን አሠራር ጠንካራ ጎን ሁለት ነገር ነበረው። አንደኛ፣ ሰዎቹ የሚቆዩት ሁለት ዓመት ነበር። ተማሪውን በስሙ ያውቁታል፣ 9ኛ ክፍል ያገኙትን 10ኛ ክፍል ያደርሱታል። ሁለተኛ፣ ትምህርት ሚኒስቴር በሚመድባቸው ቦታ፣ በመደበኛው ሥርዓተ ትምህርት፣ በርዕሰ መምህሩ ሥር ሆነው ነበር የሚሠሩት። ደካማ ጎንም ነበረው። አማርኛ ተምረው የመጡት መምህራን ወላይታ ሲደርሱ የልጆቹ የቤት ቋንቋ ሌላ ነው። ከ1960ዎቹ መግቢያ ጀምሮ ደግሞ የተማሪዎች ንቅናቄ ሲግል፣ በአሜሪካ ላይ የነበረው ቁጣ በአሜሪካዊው መምህር ላይም አረፈ። ፕሮግራሙ በ1969 ዓ.ም. ተቋረጠ። በኋላም ሁለት ጊዜ ተመልሶ መጣ። መጀመሪያ በ1980ዎቹ መጨረሻ መጥቶ በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ምክንያት ተቋረጠ፤ ከዚያም በ2007 እ.ኤ.አ. እንደገና ጀመረ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ግን ድርጅቱ በመላው ዓለም የነበሩትን በጎ ፈቃደኞቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ አስወጣ። የጀመሩትን ምዕራፍ ሳይጨርሱ፣ ተማሪዎቻቸውን ሳይሰናበቱ የሄዱ ብዙዎች ናቸው።

ይህንን የምናነሣው ለወቀሳ አይደለም። ጦርነት፣ ወረርሽኝ፣ የመንግሥታት ግንኙነት፣ የበጀት መቋረጥ፣ እነዚህ ሁሉ እንግዳውን በአንድ ሌሊት ሊያስነሡት ይችላሉ። ትምህርቱን በሱ ላይ ብቻ ያቆመ ትምህርት ቤት በማግስቱ ባዶውን ይቀራል።

ከራሳችን ልጆች የተገኘም ልምድ አለ። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎትን ጀመረ። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ ያገለግላል፤ አብዛኛው የሚመደበው በመምህርነት ነበር። በታኅሣሥ 1967 የእድገት በህብረት ዘመቻ ሲታወጅ ደግሞ 60 ሺህ የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። ከዚያ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ተከተለ፤ ቋንቋዎቹም ከአምስት ተነሥተው 15 ደረሱ፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ከዩኔስኮ ሽልማት አስገኘ። በዚያ ዘመቻ ያስተማሩትም የተማሩትም ዛሬ አያቶች ሆነው በመካከላችን አሉ። የሚነግሩን ነገርም አንድ ነው፤ ማንበብ የቻለ ሰው ቀጥሎ የሚያነበው ነገር ካላገኘ የለየውን ፊደል ይረሳል።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ ዛሬ ወደ ሶዶ የሚመጣ በጎ ፈቃደኛ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመት አይቆይም። ሦስት ሳምንት፣ ስድስት ሳምንት፣ ቢበዛ አንድ መንፈቅ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ምን ማድረግ ይችላል?

ማድረግ የሌለበትን እናስቀድም። ከ60 በላይ ልጆች የሚቀመጡበትን ክፍል ብቻውን ተረክቦ፣ መደበኛውን መምህር ወደ መምህራን ማረፊያ መሸኘት የለበትም። ይህ ሲሆን ሦስት ሰው ይጎዳል። መምህሩ በተማሪዎቹ ፊት ክብሩ ይቀንሳል። ልጁ «እውነተኛው እንግሊዝኛ የፈረንጁ ነው» ብሎ መምህሩን መስማት ይተዋል። እንግዳውም በማያውቀው ቋንቋ 60 ልጅ መያዝ ይከብደውና በዘፈንና በጨዋታ ጊዜውን ይገፋል። የሚቀጥለው እንግዳ ሲመጣም ከዚያው ከፊደል ዘፈኑ ይጀምራል። ልጁ አራት በጎ ፈቃደኛ አይቶ፣ አራት ጊዜ ፊደል ዘፍኖ፣ አንድ አንቀጽ ሳያነብ ክፍል ይዛወራል።

ማድረግ የሚችለው ግን ብዙ ነው።

አንደኛ፣ አብሮ ማስተማር። የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ እንበል። በመጀመሪያው 10 ደቂቃ መምህሩ በወላይትኛና በእንግሊዝኛ ፊደል መካከል ያለውን ልዩነት ሰሌዳው ላይ ያሳያል፤ የ«ጫት»ን እና የድመትን ነገር ያነሣል፣ ልጆቹም ይስቃሉ፤ የሳቁበትንም አይረሱትም። በሚቀጥለው 10 ደቂቃ እንግዳው ቃላቱን በጥንቃቄ ያሰማል፣ ልጆቹ ይከተላሉ። ከዚያ 15 ደቂቃ ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው አጭር ምንባብ አንዱ ለሌላው ያነባሉ፤ ሁለቱ መምህራን በረድፎቹ መካከል ተከፋፍለው ይዞራሉ። የመጨረሻዋ 5 ደቂቃ የመምህሩ ናት፤ ምን ተማርን ብሎ ይጠይቃል። ሌሰን ፕላኑን አንድ ቀን ቀደም ብለው አብረው ይጻፉት።

ሁለተኛ፣ ከመምህራኑ ጋር መነጋገር። ብዙ መምህሮቻችን ሰዋስውን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ አንደበታቸው የሚያዘው የሚለማመዱት ሰው ስለማያገኙ ነው። ከሰዓት በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ለአንድ ሰዓት በጉድኝት ማዕከሉ ተቀምጦ መጨዋወት፣ ስለ ዘመን መለወጫው ጊፋታ፣ ስለ እንሰት አዘገጃጀት፣ ስለ ዳሞታ ተራራ ለእንግዳው በእንግሊዝኛ ማስረዳት ለመምህሩ ትልቅ ልምምድ ነው። አንድ መምህር በየዓመቱ ብዙ መቶ ልጅ ያስተምራል። በሱ ላይ የዋለ አንድ ሰዓት ስንት ልጅ ዘንድ እንደሚደርስ አስቡት።

ሦስተኛ፣ የሚቀር ነገር መሥራት። የመማሪያ መጽሐፉን ምንባቦች በድምፅ መቅረጽ ይቻላል። በስልክ የተቀረጸው ድምፅ በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ በእረፍት ሰዓት ይሰማል፣ ከመምህር ወደ መምህር በሚሞሪ ካርድ ይተላለፋል። በእንግሊዝኛ ከተጻፉ የሒሳብና የሳይንስ መጻሕፍት ውስጥ ልጆችን የሚያስቸግሩ የእንግሊዝኛ ቃላትን ለቅሞ፣ ፍቺያቸውን በወላይትኛ ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍም ይቻላል። ይህን የሚሠራው መምህሩ ነው፤ እንግዳው ያግዘዋል። ከውጭ መጽሐፍ ከማስጫን በፊትም መምህራኑን መጠየቅ ይገባል። ወላይታ ውስጥ የመማሪያ መጽሐፍ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሕዝቡ ሳይመክርበት አራት ቋንቋዎችን አቀላቅሎ የተዘጋጀ መጽሐፍ ያስነሣውን ተቃውሞ፣ መጻሕፍቱም በመጨረሻ እንደተሰበሰቡ የዚያ ዘመን መምህራን ያስታውሳሉ። ለልጁ የሚሰጥ መጽሐፍ ወላጁና መምህሩ የመከሩበት ሲሆን ነው የሚጸናው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ጠንከር ያለ ጉዳይ እናንሣ። የልጆች ደኅንነት።

ወላይታ ሕዝብ ተጠጋግቶ የሰፈረባት፣ መሬት የጠበበባት ምድር ናት። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ነበር። የእርሻ ማሳው በየትውልዱ እየተከፈለ አንሷል። ብዙ ታዳጊዎች በደላላ ተታለውም ሆነ በራሳቸው ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ሄደው ሊስትሮ ይሆናሉ፣ ሎተሪ ያዞራሉ፣ በሽመና ቤት ይሠራሉ። ችግረኛ ልጆች ስንል እነዚህን ነው። እንዲህ ያለ ችግር ሰውን ለእርዳታ ያስቸኩላል፤ በችኮላ መካከል ደግሞ ልጅ ይጎዳል።

ከሌላው ዓለም ትምህርት እንውሰድ። በካምቦዲያ ዩኒሴፍ በ2011 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ጥናት፣ የሕፃናት ማሳደጊያዎች ቁጥር በአምስት ዓመት ውስጥ 75 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። በማሳደጊያዎቹ ከነበሩት ልጆች ግን ከአራቱ ሦስቱ ያህል ቢያንስ አንድ በሕይወት ያለ ወላጅ ነበራቸው። ለጎብኚና ለበጎ ፈቃደኛ ሲባል ማሳደጊያ ይከፈታል፤ ማሳደጊያው እንዲሞላ ልጅ ከቤቱ ይወጣል። አውስትራሊያ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን እንደ አንድ የሰዎች ብዝበዛ መልክ ማየት ጀምራለች።

የእኛም አገር አቅጣጫ ይኸው ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕፃናት አማራጭ እንክብካቤ መመሪያ ልጅ በቅድሚያ በቤተሰቡና በማኅበረሰቡ ውስጥ እንዲያድግ፣ ማሳደጊያ የመጨረሻው አማራጭ እንዲሆን ይላል። በጥር 2010 ዓ.ም. ደግሞ ልጆችን በጉዲፈቻ ወደ ውጭ አገር መስጠት በሕግ ቆሟል። ስለዚህ እንግሊዝኛ ሊያስተምር የመጣ ሰው ልጁን የሚያገኘው ትምህርት ቤት ውስጥ፣ በትምህርት ሰዓት፣ ሌላ መምህር ባለበት ይሁን።

ርዕሰ መምህራን፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ካላችሁ ያዙ። አንድ በጎ ፈቃደኛ በራችሁን ሲያንኳኳ የሚከተሉትን ጠይቁ።

ማን ላከህ? ላኪው ድርጅት በኢትዮጵያ የተመዘገበ ነው ወይ? የወረዳው ወይም የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያውቃል ወይ?

ከአገርህ ፖሊስ ከወንጀል ነፃ መሆንህን የሚገልጽ ማስረጃ አለህ ወይ? ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ በራሱ አገር ልጆችን ለማስተማር ቢያመለክት ይህንኑ ይጠየቃል።

ምን ያህል ጊዜ ትቆያለህ? ከአንድ ወር በታች ከሆነ ከልጆች ይልቅ ከመምህራን ጋር ቢሠራ ይሻላል።

ለጉዞህ የከፈልከው ገንዘብ ካለ ለትምህርት ቤቱ የሚደርሰው ምን ያህል ነው?

ከዚያም በግልጽ ንገሩት። ልጅ ይዞ ብቻውን ክፍል ውስጥም ሆነ ከግቢ ውጭ መሆን አይፈቀድም። ያለ ወላጅ ፈቃድ የልጅን ፎቶ ማንሣትና ማሰራጨት አይፈቀድም፤ በተለይ እግሩ ባዶ ነው፣ ልብሱ ተቀዷል ተብሎ የሚነሣ ፎቶ። ለአንድ ልጅ ብቻ በግል ገንዘብና ስጦታ መስጠት አይፈቀድም፤ መስጠት የፈለገ በትምህርት ቤቱና በወላጅ መምህራን ህብረቱ በኩል ይስጥ። ለልጆቹም ንገሯቸው። ያልተመቻቸው ነገር ካለ ለማን እንደሚናገሩ በስም ይወቁ፤ ለሴት ልጆች ሴት መምህርት ትመደብላቸው።

አንድ የርክክብ ደብተርም ይኑራችሁ። እያንዳንዱ በጎ ፈቃደኛ የት ገጽ እንደደረሰ፣ የትኞቹ ልጆች ምን እንደሚከብዳቸው፣ ምን ተሞክሮ እንዳልሠራ ከመሄዱ በፊት ይጽፍበታል፤ መምህሩ አይቶ ይፈርማል። ቀጣዩ ሰው ከዚያ ይነሣል።

(አጭር ሙዚቃ)

አንድ ነገር ጨምረን እናብቃ። በጎ ፈቃደኛን ሁልጊዜ ከአውሮፕላን ማረፊያ መጠበቅ የለብንም። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በሶዶ ከተማ ውስጥ አለ። ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም በየክረምቱ ወደ አረካና ወደ ቦዲቲ፣ ወደ ገጠር ቀበሌውም የሚመለሱ ተማሪዎች አሉ። በክረምት በጎ ፈቃድ የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ወላይትኛ ይናገራሉ፤ በ5ኛ ክፍል የተቸገሩበትን ችግር አይረሱትም፤ የልጁን እናት ያውቋታል። የጎደላቸው ቀድሞ የተዘጋጀ ዕቅድ፣ የሚያስተምሩበት መጽሐፍና ሥራቸውን የሚከታተል ሰው ነው። ይህን የሚያሟላ ትምህርት ቤት ከውጭ የሚመጣውንም እንግዳ የት ቦታ ላይ እንደሚያሰልፈው ያውቃል። በውጭ አገር ያላችሁ የወላይታ ተወላጆችም ለክረምት ስትመጡ ወይም በስልክ በሳምንት አንድ ሰዓት ከአንድ መምህር ጋር በእንግሊዝኛ ብትጨዋወቱ ዋጋው ከምትገምቱት በላይ ነው።

አድማጮቻችን፣ ሬዲዮኑን ከዘጋችሁ በኋላ በቡድናችሁ እነዚህን ተወያዩባቸው። ባለፉት ዓመታት ወደ ትምህርት ቤታችን የመጡ በጎ ፈቃደኞች ከሄዱ በኋላ ዛሬ ድረስ የምንጠቀምበት ምን ትተውልናል? በወላይትኛና በእንግሊዝኛ ድምፃቸው የሚለያይ ፊደላት የትኞቹ ናቸው? ዝርዝራቸውን ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ከሚያስተምሩ መምህራን ጋር ሆናችሁ አውጡ። በሚመጣው ክረምት ከዩኒቨርሲቲ የሚመለሱ ልጆቻችን እነማን ናቸው፣ ማንስ ያስተባብራቸዋል? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ ስትሰጡ የሰው ስም ጻፉ። «ኮሚቴው» ብላችሁ አትለፉት።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)